የሙከራው ስልክ

አስከሬኑ በስልክ ኩባንያው ጓሮ በፊቱ ተደፍቶ ነበር። ከሰባት ፎቅ በላይ፣ የጣሪያው ማማ ጫፉ ጥቁር ደመና ውስጥ ገብቷል። ሟቹ ዋና መሐንዲስ ነበር፤ ዋይማክስና ኤልቲኢ ከሚባሉት ሁለት አዳዲስ የኔትወርክ ዓይነቶች የትኛው እንደሚገዛ በማግስቱ ለቦርዱ ሊያሳውቅ ቀጠሮ ነበረው። አንገቱ ላይ የኤልቲኢ መሞከሪያ ስልክ ተንጠልጥሏል።

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ጎንበስ ብላ አየችው። ዕለቱ እሑድ ስለነበር ሕንፃው ውስጥ የተገኙት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው።

«ዋይማክስ ይሁን ብዬ ዓመት ሙሉ ተጨቃጭቄዋለሁ» አለ ምክትሉ። «ግን ጋሼን በክፉ አይቼው አላውቅም።»

የማማ ሠራተኛው የሟቹ ሚስት ወንድም ነው። ዓይኑ ቀልቷል። «ከምክትሉ ጋር ምድር ቤት ገመድ ስንዘረጋ ነበርን።»

«የራሱ ስልክስ?»

«ጠረጴዛው ላይ ትቶት ነው የወጣው። ሁልጊዜም ለሙከራ ሲወጣ ይተወዋል።»

የንግድ ኃላፊው ግን ረጋ ብሎ ተናገረ። «ቢሮዬ ነበርኩ። በመሞከሪያው ስልክ ደወለልኝ። ‹አንተ ልክ ነህ፤ ኤልቲኢን መርጫለሁ› አለኝ። ወዲያው ጩኸት ሰማሁ።»

«ድምፁ ይሰማ ነበር?»

«አጠገቤ የቆመ ያህል!»

መርፌ ሦስቱንም ስብሰባ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ውጭ ነጎድጓድ ያጉረመርማል።

«ሟቹ የራሱን ስልክ አልያዘም» አለች። «ደውሎ ከሆነ በመሞከሪያው ብቻ ነው። ምክትል፣ በእሱ መነጋገር ይቻላል?»

ምክትሉ ደነገጠ። «አይቻልም። ገና ዳታ ብቻ ነው የሚያስተላልፈው፤ የድምፅ ጥሪ አልተገጠመለትም።»

መርፌ ወደ ንግድ ኃላፊው ዞረች። «ዓመት ሙሉ የተሟገቱለትን ነገር አላወቁትም። ጥሪ አልነበረም። ‹መርጫለሁ› የሚለውን ቃል የፈጠሩት ሙት አይመሰክርም ብለው ነው። እነዚህ ሁለቱ ምድር ቤት አብረው ነበሩ። እርስዎ ጩኸቱን ከሰሙት፣ የሰሙት አጠገቡ ቆመው ነው።»

የሰውዬው ከንፈር አመድ መሰለ። «ኤልቲኢን ለሚሸጡልን አቅራቢዎች ቃል ገብቼ ነበር። ጣሪያው ላይ ስጠይቀው ‹ኤልቲኢ ይቆይ› አለኝ። ደሜ ፈላ፤ ገፋሁት።»

መርማሪዋ ከሟቹ መሳቢያ ያወጣችውን ወረቀት ፊቱ አኖረችው። በሟቹ እጅ የተጻፈ ነው፦ «ኤልቲኢ ይገዛ። የድምፅ ጥሪ እስኪገጠምለት ግን ስድስት ወር ይቆይ።»

ሰውዬው ሁለት ጊዜ አነበበው።

«አላስጨረስኩትም» አለ።