አራት ከሠላሳ አንድ

ምስማር ፍላሹን ለሹፌሩ ያቀበለው ሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ፣ ሰላም ለመባባል ሲጨባበጡ ነው።

«መኪናው አምስት ተኩል ይነሳል» አለ ሹፌሩ።

«ይነሳ።»

ተለያዩ።

ምስማር የምስጢር ስሙ ነው። በዕቃ አስተላላፊው ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ ስምንት ወር ሙሉ ማተሚያ ሲፈታና ሲገጥም ከርሟል። የመጣው ግን ለአንድ የስም ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ እሱን ከላከው መሥሪያ ቤት ማን ማን ለዚህ ድርጅት ምስጢር እንደሚሸጥ ይናገራል። ዛሬ ጠዋት ዋናውን ኮምፒውተር ራሱ አበላሸ፣ ራሱ ተጠርቶ መጣ፣ አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ሁሉንም ከመጠባበቂያ ቅጂው መለሰ። ገመድ ሊያመጣ ምድር ቤት ሲወርድ ክፍሉን የጠበቀችለት መርፌ ናት። መርፌም የምስጢር ስም ነው፤ ስልከኛ ሆና የገባች ባልደረባው ናት፤ እህቴ ይላታል፣ ከልቡም ነው። የጃኬቱን ቁልፍ ባለፈው ሳምንት የተከለችለት እሷ ናት። ሲመለስ ዝርዝሩን ገለበጠ። አላነበበውም። የተላከ ሰው የሚሸከመውን አያነብም፤ የሙያው ሕግ ነው።

«ጠጋኝ!»

የጥበቃ ሹሙ ነው። ኮምፒውተሩ ፊት ቆሟል።

«ፎልደሮቹ በሙሉ የዛሬ ቀን ይላሉ። የሦስት ዓመት ሥራ ዛሬ ተወለደ? ማነው የነካካው?»

«ጋሼ፣ ከመጠባበቂያ ሲመለስ ፎልደሩ እንደ አዲስ ነው የሚፈጠረው። ሳጥኑ አዲስ፣ ዕቃው የድሮ ነው። ውስጡን ይዩት።»

ሹሙ ከፈተ። ፋይሎቹ የየራሳቸውን የድሮ ቀን እንደያዙ ናቸው። አጉረመረመና ጣቱን በስክሪኑ ላይ ቁልቁል ነዳ። አራት ከአሥር። አራት ከአሥር። አራት ከአሥር።

ጣቱ ቆመ።

አራት ከሠላሳ አንድ።

«ይሄስ?»

የዝርዝሩ ፎልደር ነው። ፎልደር ሰዓቱን የሚቀይረው ከውስጡ አንድ ነገር ሲወጣ ወይም ሲገባበት ነው፤ መገልበጥ አይነካውም። በዚያች ደቂቃ ደግሞ ምስማር ምድር ቤት ነበር።

ክፍሉ ውስጥ የነበረችው አንድ ሰው ብቻ ናት።

«እኔ ነኝ ጋሼ። ተበላሽቶብኝ ነበር፤ አሁን ደግሜ ልመልሰው ነው።»

«እዚሁ ቆሜ አይሃለሁ።»

«ይቀመጡ እንጂ፤ ወንበር አለ።»

ስልክ ጮኸ። ሹሙ ሊያነሳ ጀርባውን ሰጠ።

ምስማር ሕጉን ጣሰ። ፋይሉን ከፍቶ አነበበ። አምስት ስም ነው። መጨረሻው የገዛ ራሱ ነው፣ እናቱ ያወጣችለት።

ፎልደሩን አጥፍቶ ከመጠባበቂያው መለሰው። ደግሞ ከፈተ። አራቱ ስሞች ያው ናቸው።

አምስተኛው የመርፌ እውነተኛ ስም ነው።

ስሟን አውጥታ የእሱን የተካችው እንደማያነብ ተማምናበት ነው። ዝርዝሩን በእጁ ይልካል፣ የገዛ አለቆቹ እሱን ይበሉታል፣ እሷ ንጹሕ ሆና ትቀራለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

አምስት ሰዓት ከሃያ። ሹሙ ከስልኩ ሳይመለስ እውነተኛውን በሌላ ፍላሽ ገልብጦ ወረደ። መንገዱ በስልከኛዋ ጠረጴዛ በኩል ነው።

«ወንድሜ፣ በሰላም አለቀ?»

«አለቀ፣ እህቴ።»

«ፊትህ ምነው?»

«ደረጃው ነው።»

ፈገግ አለች። ያው የድሮ ፈገግታዋ ነው። አንጀቱን በላው፤ ግን አልቆመም።

ሹፌሩ ሞተር አስነስቷል። ምስማር በመስኮቱ እጁን ሰደደ።

«ያኛውን መልስልኝ፣ ይሄን ያዝ።»

ሹፌሩ ዐይኑን አጠበበ። «ዛሬ ሁለቴ ጨበጥከኝ።»

«ሦስተኛ የለም።»

ከሰዓት በኋላ የምስማር አለቆች የላኳቸው ሁለት ሰዎች መጥተው ስልከኛዋን ይዘዋት ሄዱ። ምስማር በዚያ ሰዓት አውቶቡስ ውስጥ ነበር፤ አልቅሷል፣ ማንም አላየውም።

ከወር በኋላ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ በጠጋኝነት ሊቀጠር ቀረበ። የቅጥር ሠራተኛዋ ፎርሙን እየሞላች ጠየቀችው።

«እህት፣ ወንድም?»

የጃኬቱን ቁልፍ ዳሰሰ። ክሩ አሁንም ጠንካራ ነው።

«የለኝም።»