የተፈተነ ማሽን አይዋሽም

ወላሂ አልዋሽም። ያመነ ይመን፣ ያላመነ እንደ ፍጥርጥሩ።

በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው። ደግሞ በጨለማ አይደለም... ጁምዓ ቀን፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት። ቦታው አቃቂ ውስጥ ያለ አንድ የቆዳ ፋብሪካ ነው። ስሙን አትጠይቁኝ።

ሳምራ እባላለሁ። የፋብሪካው የደህንነት ሠራተኛ ነበርኩ። "ሚጥሚጣዋ" ነበር የሚሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ቶሎ ነው የምነድደው።

ቆዳ ከታጠበበት ፍሳሽ የሚወጣ መርዘኛ ጋዝ አለ። መጀመሪያ እንደ በሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ሲበዛ ግን... ሽታው ይጠፋል። ቀድሞ የሚገድለው አፍንጫን ነው። ቀጥሎ ሰውየውን።

ለዚህ ነው ጋዙን የሚያሸቱ ማሽኖች በየግድግዳው የተሰቀሉት።

በዚያ ቀን ማሽኖቹን ፈትሾ ሰርተፊኬት የሚሰጥ ኢንጂነር መጣ። አቶ ፀሐዩ ይባላሉ። ሸምገል ያሉ ናቸው፣ ቀልድ አያውቁም። ከትንሽ ሲሊንደር እውነተኛውን ጋዝ ማሽኑ ላይ ይነፋሉ። ካልጮኸ ሰርተፊኬት የለም፣ አለቀ። እኔ ደረቴ ላይ የማንጠለጥላትን ትንሿን ማሽንም ነፉባት። ጮኸች። አረንጓዴ ምልክት ለጠፉላት።

"ስሚ ልጄ" አሉኝ። "ዓይንሽም ይዋሻል፣ አፍንጫሽም ይዋሻል። የተፈተነ ማሽን ግን አይዋሽም። እሱን እመኚ።"

"እሺ" አልኩ። ምነው ባላልኩ!

የቀረን ጓሮ፣ ፍሳሽ ጉድጓዱ ጋ ያለው ማሽን ብቻ ነበር። እዚያ የሚሠራው ታናሽ ወንድሜ ዑበይድ ነው። እናቴ ያላት ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነው።

ስንደርስ የጉድጓዱ ክዳን ተከፍቷል። ማሽኑ ዜሮ ይላል።

ቀና ብዬ ሳይ... ማሽኑ ራስ ላይ ፌስታል ታስሯል! ሠራተኞቹ ጩኸቱ ሰለቸን ብለው አፍነውት እኮ ነው!

አቶ ፀሐዩ ፌስታሉን ቀደዱት። ማሽኑ እሪ አለ። ቀዩ መብራት በራ።

ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አልኩ። ዑበይድ ከታች በደረቱ ተደፍቷል።

"ዑቤ!"

ልዘል ስል አቶ ፀሐዩ በሻሼ ጎትተው መሬት ላይ ፈጠፈጡኝ። እጃቸውን ነከስኳቸው። ጥፊ አቀመሱኝ።

"አንቺም ልትሞቺ ነው?! ገመዱን ያዢ!"

የአየር ጭምብላቸውን አጥልቀው በመሰላሉ ወረዱ። አስረውት ወጡ። ተጋግዘን ጎተትነው።

ይተነፍሳል!

"አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!" እያልኩ ፊቱን ሳምኩት።

ይሄኔ የጉድጓዱ ማሽን ዝም አለ።

ዜሮ።

ደረቴ ላይ ያለችው ግን... ጮኸች።

ወደ ኋላ አልኩ። ዝም አለች። ወደ ወንድሜ ጠጋ አልኩ። ጮኸች።

"ኢንጂነር..." አልኩ በሹክሹክታ። "ተበላሽታ ነው?"

ሲሊንደሩን አውጥተው እንደገና ፈተኗት።

"አልተበላሸችም።"

"እና ምንድን ነው?"

"ጋዙ... ከእሱ ነው የሚወጣው።"

ያኔ አስተዋልኩ። ከዚያ ሁሉ ጭቃ ወጥቶ ልብሱ ደረቅ ነው። አንዲት ጠብታ እንኳ የለበትም። የሳምኩት ፊቱም ምንም አይሸትም... ላብ እንኳ።

ዓይኑን ገለጠ።

"ሳምራ" አለኝ።

ዑበይድ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። አፉን ከፈታበት ጊዜ ጀምሮ "እታለም" ነው የሚለኝ።

አዑዙ ቢላህ!

ዘሎ የአቶ ፀሐዩን ጉሮሮ አነቀ። ጭንቅላታቸውን ከቧንቧው ጋር አላተመው። አንዴ... ሁለቴ... ጥርሳቸው ሲረግፍ ሰማሁ። ደማቸው በሰደርያቸው ላይ ወረደ።

እና ከጉድጓዱ ውስጥ...

"እታለም..."

ክው አልኩ።

እናቴ "በቀትር የጠራሽን ቶሎ አቤት አትበዪ" ትላለች። ጂን ሦስቴ አይጠራም። ሦስቴ የጠራ ሰው ነው።

"እታለም... አውጪኝ..."

ሁለት።

"እታለም!"

ሦስት! ወንድሜ ያለው ከታች ነው!

ሲሊንደሩን ከመሬት አነሳሁና ያን ነገር ግንባሩን መታሁት።

"ወይኔ እታለም!" አለ ከጉድጓዱ።

"መጣሁልህ ዑቤ!" ብዬ ደገምኩት። ቅንድቡ ተሰነጠቀ። ደም ግን የለም።

"እታለም በአላህ! በአላህ ይሁንብሽ!"

"ቆይ የኔ ጌታ! ይሄን ልገላገለው!"

እልህ ያዘኝ። አጥንቱ ሲደቅ እጄ ላይ ይሰማኛል። ማሽኗ ትጮሃለች፣ ዑበይድ ይጮሃል፣ እኔም እጮሃለሁ። ስንቴ እንደመታሁት አላውቅም።

ወደቀ። ማሽኗ ዝም አለች።

ጉድጓዱም ዝም አለ።

የአቶ ፀሐዩን ጭምብል አጥልቄ ወረድኩ። ወንድሜን ጥግ ላይ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ አገኘሁት። አሰርኩት። አቶ ፀሐዩ ደማቸውን እየተፉ ከላይ ጎተቱ።

ሰውነቱ ይሞቃል። "ዑቤ... ዑቤዬ..." እያልኩ ጭቃውን ከፊቱ በሻሼ ጠረግኩለት።

ግንባሩ ተፈርክሷል።

ቅንድቡ ተሰንጥቋል። ደሙ ገና ትኩስ ነው፣ ሻሼን አራሰው። ትንፋሽ የለውም።

አቶ ፀሐዩ እሱን አዩ። ሲሊንደሩን አዩ። እኔን አዩኝ።

"ምን አደረግሽ?"

"እኔ እኮ... እኔ እኮ ማሽኗን ነው ያመንኩት..."

ዓይናቸው ከኋላዬ ባለ ነገር ላይ ተተክሎ ቀረ።

ዞርኩ። ያ ነገር የወደቀበት ቦታ ባዶ ነው።

ደረቅ የሥራ ልብስ የለበሰ ሰው ቀስ እያለ ወደ ጓሮው በር ይሄዳል። አንዴ መለስ ብሎ አየኝ። ግንባሩ ላይ ጭረት እንኳ የለም።

በሩ ላይ ዘበኛው ጋሽ አምባው ተቀምጠዋል። ጆሯቸው ደከም ስላለ ያን ሁሉ ጩኸት አልሰሙም። ሲያዩት ደስ ብሏቸው ተነሱ።

"ዑቤ! ምነው ዛሬ አረፈድክ? እናትህ ምሳ አቅርባ እየጠበቀችህ አይደል?"

"እየሄድኩ ነው ጋሼ" አለ፣ በወንድሜ ድምፅ።

ጋሽ አምባው በሩን ከፈቱለት።