ከቫልዶሚሮ ወለል ስር

ይሄን ስነግራቸው የሚስቁ ሰዎች አሉ። ይሳቁ። እኔ ጁሲ ያየሁትን አይቻለሁ።

ሌሊት አልነበረም። እኩለ ቀን ነው... አናት የሚበሳ ፀሐይ። ቦታው አማዞን፣ ተወልጄ ያደግኩበት የሱሩቢ ሐይቅ።

ሥራዬ ማናቲ የሚባለውን ግዙፍ፣ ጡት አጥቢ የውሃ እንስሳ መከታተል ነው። እኛ በሬ ዓሣ እንላታለን። እናቷን አዳኝ የገደለባትን ግልገል በጡጦ እናሳድጋለን፣ ስትጠነክር ሐይቁ ውስጥ እንለቃታለን። ጅራቷ ላይ ድምፅ የሚልክ ቀበቶ እናስርላታለን። ከዚያ በአንቴና እየተከተልን የት እንደዋለች፣ ምን እንደበላች፣ ታማም እንደሆነ እናጠናለን።

ከለቀቅናቸው ሁሉ ካኑማ የኔ ነበረች። እጄን በክንፏ ካላቀፈች ጡጦ አትይዝም።

በዚያ የድርቅ ወር ሐይቁ ሸሽቶ ነበር። ውሃ ላይ የሚንሳፈፉት ቤቶቻችን ሁሉ ጭቃ ላይ ቁጭ ብለዋል።

በዚያ እኩለ ቀን፣ ካኑማን ፍለጋ አንቴናውን ወደ ውሃው አዞርኩት። ዝም።

ወደ መንደሩ አዞርኩት።

ጢጥ... ጢጥ... ጢጥ...

"ከየብስ ነው" አለች ዶራሊሴ፣ የእንስሳት ሐኪማችን። ፊቷ አመድ መሰለ።

ድምፁ የሚመጣው ከአጎቴ ቫልዶሚሮ ቤት ነው። የሥጋ ዘመዴ አይደለም፤ መንደሩ ሁሉ አጎቴ ነው የሚለው። ማናቲ በጦር ወግቶ፣ ስትደክም አፍንጫዋን በእንጨት ውታፍ ደፍኖ የሚገድል አዳኝ ነው። አደኑ ሲከለከልም አልተወ።

በቅርቡ ገበያ መሃል ጮኾብኝ ነበር። "የምትለቂውን ሁሉ ጠብሼ እበላዋለሁ!"

"ይሞክሩ!" አልኩት።

"ፖሊስ እንጥራ" አለች ዶራሊሴ።

"ፖሊስ እስኪደርስ ቆዳዋም አይተርፍም። ነይ!"

በጭቃው እየዳከርን ደረስን። በሩ ክፍት ነው። ሽማግሌው ወለሉ ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ዓይኑ ደም መስሏል።

"ካኑማ የት አለች?"

"ቀስ በይ..." አለኝ በሹክሹክታ። "ይሰማሻል።"

"ማን?"

በጣቱ ወለሉን አሳየኝ።

ፉፉፉፍ...

ያን ድምፅ እንደ እናቴ ድምፅ ነው የማውቀው። በሬ ዓሣ ከውሃ ብቅ ብላ ስትተነፍስ ነው። ግን ከወለሉ ስር ውሃ የለም።

ጭቃ ነው ያለው።

"ገደሏት?"

"አልነካኋትም! በእናቴ አፅም! ከስር ያለው ራሱ ነው የመጣው... ዓይኔን ስከድን ትንፋሽ ያጥረኛል። የሆነ ነገር አፍንጫዬን ይደፍነዋል።"

ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዞረ። የአፍንጫው ቀዳዳዎች ዙሪያቸውን ቆስለዋል። ቁስሉ ውስጥ የእንጨት ስንጥር ተሰክቷል።

ፉፉፉፍ... ፉፉፉፍ...

አሁን ሁለት ሆኑ።

ዶራሊሴ ክንዴን ጨመደደችው። "እንውጣ። ጁሲ፣ እባክሽ።"

"አልወጣም።"

"እናንተ ናችሁ!" አለ ሽማግሌው። "እናንተ እየለቀቃችሁ ነው የበዙብኝ። ሌላ እንዳትለቂ፣ ሰማሽ?"

ዝም ብል ይሻል ነበር። አፌ ግን እሺ አላለኝም።

"ነገ ሁለት እለቃለሁ፣ አጎቴ።"

ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ገጀራ አወረድኩ። ሳንቃውን ፈነቀልኩት።

ትንፋሹ ቀጥ አለ።

ጥቁር ጭቃ። መሃሉ ላይ የካኑማ ቀበቶ... እንደተቆለፈ። አልተቆረጠም። ደም የለም፣ ሥጋ የለም።

ከቀበቶው አጠገብ የጀመረ ሰፊ ዱካ፣ ከባድ ነገር የተጎተተ መስሎ፣ ወደ ሐይቁ ይሄዳል።

ወደ ቤቱ የመጣ ዱካ ግን የለም።

ዶራሊሴ በነጋታው ሻንጣዋን ሸክፋ ወደ ከተማ ሄደች። ጎረቤቶቼ "ተዪው፣ ሐይቁ ተቆጥቷል" አሉኝ።

"ከተቆጣም በኔ አይደለም" አልኳቸው። ሁለቱን ግልገሎች ብቻዬን በታንኳ ወስጄ ለቀቅኳቸው።

ቫልዶሚሮን ቤቱን ትቶ እንዲወጣ ልጆቹ መጥተው ለመኑት። እሱም እንቢ አለ። "እኔ በዓሣ ከቤቴ አልባረርም!"

ዝናቡ መጣ። ውሃው ተመለሰ። ቤቶቹ ከጭቃው እየተላቀቁ እንደገና ተንሳፈፉ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ታንኳዬ ላይ ሆኜ ሳለሁ... የቫልዶሚሮ ቤት ሲሄድ አየሁት።

ጎርፍ የወሰደው ቤት ወደ ታች ነው የሚሄደው። ይሄ ግን ፍሰቱን ሰንጥቆ ወደ ላይ ይወጣል። ሞተር የለው፣ ቀዛፊ የለው። ቤቱ የሚታሰርበት ገመድ ከፊቱ ተወጥሮ ውሃው ውስጥ ገብቷል።

በሩ ላይ ቫልዶሚሮ ቆሟል።

"ይዝለሉ! አጎቴ፣ ይዝለሉ!"

አየኝ። አልዘለለም።

የመንደሩ መስኮት ሁሉ ሲዘጋ ሰማሁ። ጠረቅ... ጠረቅ... አንዱ "ጁሲ፣ ተመለሺ!" ብሎ ጮኸ።

አልተመለስኩም። እጄ እስኪላጥ ቀዘፍኩ።

ቤቱ፣ ውሃ የዋጠው ጫካ ጋ ደረሰ። ዛፎቹ ትከሻ ለትከሻ ነው የቆሙት። አልዞረም፣ አልቆመም... ገባ። አንዲት ቅጠል አልተነቃነቀችም።

እኔም ደረስኩ። ቤቱ በገባበት በኩል የታንኳዬን አፍንጫ በዛፎቹ መሃል ለማስገባት ታገልኩ።

ታንኳዋ እንኳ አላለፈችም።