ጋሽ ምሰሶ ጎንበስ ያለ ቀን

ሬሳው ከጓሮው ጥግ፣ ከካሮቱ መደብ ላይ ነበር። ተንበርክኮ ወደ ፊት ተደፍቷል። ግንባሩ የመደቡ ጠርዝ ድንጋይ ላይ፣ ቀኝ እጁ አጭር መኮትኮቻ ላይ። ሲያዩት አረም ሲነቅል ልቡ የቆመ ሽማግሌ ነው።

መርማሪዋ ከራስጌው ቆማ አየችው። ሌሊቱን ሌላ ጣጣ ላይ ነው ያደረችው። መንገድ ላይ የዋጠችው ደረቅ ዳቦ ደረቷ ላይ ቁጭ ብሎ ይፋጃል። ቃር አለባት። መሥሪያ ቤት ከኋላዋ «ቶሎ በሉ» እያሉ ነው የሚጠሯት፤ ታውቃለች፤ ግድ የላትም።

«ስሙ ማነው?»

«ሰፈሩ ጋሽ ምሰሶ ነው የሚለው» አለ ፖሊሱ። «ጡረተኛ ነው። ከዚህ ጓሮ አይወጣም።»

ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ መጣ። «ሁለቴ ተመቷል። አንዱን ድንጋዩ ላይ ወድቆ ነው እንበል። ሁለተኛውስ? ሞቶ ተነስቶ አይወድቅ።»

«መቼ?»

«ትናንት ሲመሽ ገደማ።»

ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነው።

«ወንድሙ ወደ ሥራ ሲወጣ በሕይወት አይቶታል። ከዚያ በኋላ ቤት የቀረችው ሚስቱ ብቻ ናት። አልጋም ለይተው ነበር አሉ። ምን ትጠብቂያለሽ? ይዘሻት ነይ።»

«እስከ ምሳ ስጠኝ።»

«እስከ ምሳ። ከዚያ ሴትየዋ እስር ቤት ናት።»

ባለቤቱ ሳሎን ነበሩ፤ ስልሳን ያለፉ፣ እጃቸው አፈር የለመደ ሴት። ጎናቸው ትልቅ ባለመደገፊያ ወንበር አለ። የታጠፈ ብርድ ልብስ ተቀምጦበታል።

«እናቴ፣ አልጋ ለይታችኋል አሉ። ተጣልታችሁ ነው?»

«ማን ነው ያለው? ቃር ነው የለየን፣ ልጄ። ጋደም ካለ እሳት ነው ጉሮሮው ድረስ የሚወጣበት። ሁለት ዓመቱ እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሲተኛ። ትናንት ሰሃን አጥቤ፣ ደክሞኝ በጊዜ ተኛሁ። እዚህ ያለ መሰለኝ። ጠዋት ብወጣ ብርድ ልብሱ እንደታጠፈ ነው።»

«ራት በልቶ ነበር?»

«ትንሽ ሩዝ። ሳይመሽ ነው የሚበላው። ከዚያ ጓሮ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይንጎራደዳል፤ እንደ ወታደር። ሆዱ እስኪረጋ።»

«አይኮተኩትም?»

«በልቶ? ሞቼ እገኛለሁ ነው የሚልሽ!» አሉና አፋቸውን በእጃቸው ያዙት።

መርማሪዋ ጠበቀች። መጠበቅ ሞቷ ነው፤ ግን ጠበቀች።

«ጠዋት ነው የሚሠራው» አሉ ባለቤቱ ቆይተው። «በባዶ ሆዱ። እሱም ከፍ ያሉትን መደቦች ብቻ። ጡብ ደርድሮ እስከ ወገቡ ያሳደጋቸው እንዳያጎነብስ ብሎ ነው። ከወገብ በላይ ያለው የሱ፣ ከወገብ በታች ያለው የኔ። እንደዚያ ነው የተስማማነው። የካሮቱ መደብ የኔ ነው። እዚያ ምን ወሰደው?»

መርማሪዋ በመስኮት አየች። እውነት ነው፤ ሰላጣው፣ ቲማቲሙ፣ ጽጌረዳው ሁሉ ከፍ ብሎ ተሰልፏል። ሰውየው ለጉሮሮው ብሎ መሬት አንስቷል። እሷ ትራሷን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

አጥሩ ጋ ጎረቤቲቱ ቆመዋል፤ ጡረታ የወጡ ነርስ፣ ሰፈሩ ሲስተር የሚላቸው። የጓሮው በር ቁልፍ እሳቸው ጋ አለ።

«መድኃኒቱን የሚሰጡት እርስዎ ነዎት?»

«ነጩን ሽሮፕ? እኔ ነኝ። ቡና ከለከልኩት፣ ሎሚ ከለከልኩት፣ ማጎንበስ ከለከልኩት። ጠላኝ። ሲሻለው ወደደኝ። ወንድ እንደዚያ ነው። ቁልፍ ቢወድቅበት እንኳ እኔን ጠርቶ ነው አንሺልኝ የሚለው። ምሰሶ ያልነው ወደን መሰለሽ?»

«ጠብ ነበራችሁ?»

«በየቀኑ! ዛፉ ያሰጣሁት ልብስ ላይ ጥላ ይጥላል። ቁረጠው ስለው፣ ልብስሽን ቀንሺ ይለኛል።»

«አትክልት ይችሉበታል?»

«እኔ? የፕላስቲክ አበባ ገዝቼ የጠወለገብኝ ሰው ነኝ።»

«ትናንት ማምሻውን የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ብቻዬን። ማንም አላየኝም። እሰሪኝ!» አሉና ፊታቸውን ወደ ቲማቲሙ አዞሩ። ድምፃቸው ወረደ። «ሁሉንም ለኔ ነበር የሚሰጠኝ። እሱ ከቀመሰው ይቃጠላል። እዚህ ቆሞ ስበላ ያየኛል። ‹ጣፈጠ?› ይለኛል።»

ታናሽ ወንድሙ የጓሮ ክፍል ውስጥ ነው የሚኖረው። የመጋዘን ጠባቂ ነው፤ ሌሊት ይሠራል። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሻንጣ በሻንጣ ላይ፣ ከግድግዳው የተንጠለጠለ አዲስ ሙሉ ልብስ።

«ወንድም ጋሼን ስወጣ አይቼዋለሁ» አለ። «ራት በልቶ ካሮቱ ጋ አረም ይነቅል ነበር። ደህና እደር አልኩት። እጁን አወዛወዘልኝ።»

«እንዴት ሆኖ ነበር? አሳየኝ።»

ተነስቶ ከወገቡ እጥፍ አለ። «እንደዚህ። አትክልት ካየ ቀና አይልም እኮ።»

«ጠዋት አብረኸው ትሠራለህ?»

«ጠዋት እንቅልፍ ነው የምሠራው! ቆሜ አድሬ? ስነሳ ሁሉም አልቆ ነው የማገኘው።»

«እነዚያ መደቦች ለምን ከፍ አሉ?»

ትከሻውን ሰበቀ። «ዶሮ እንዳይጭራቸው መሰለኝ።»

«ቃር እንዳለበት ታውቃለህ?»

«ማን ቃር የሌለበት አለ? ሽሮፑን ይጠጣል፣ አለቀ።»

ሙሉ ልብሱን አየችው። «ልታገባ ነው?»

«ነበር። ጓሮው ላይ አንድ ክፍል ልሥራ አልኩት። ‹ቀጥ አድርጎ ያቆመኝ ይሄ አትክልት ነው› አለኝ። ተውኩት።»

ወደ ካሮቱ መደብ ተመለሰች። ሬሳው ተነስቷል። ጎንበስ ብላ አፈሩን ማየት ስትጀምር ዳቦው እሳት ሆኖ አፏ ድረስ መጣ። ቀና ብላ ዋጠችው፤ ከዚያ በጉልበቷ ወረደች። ላባ የመሰሉ ቡቃያዎች ተነቅለው ተበታትነዋል። ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ግን እንደቆሙ ናቸው።

ባለቤቱን ጠራች። መጥተው ሲያዩ ራሳቸውን ያዙ።

«ካሮቶቼን! ማነው አረሙን ትቶ ካሮቶቼን የነቀለው?»

ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ባለመደገፊያው ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም። ፖሊሱ በሩ ጋ ቆመ።

«ቶሎ እንጨርስ» አለች። «ጋሽ ምሰሶ ሁለቴ ተመትተዋል። ስለዚህ አልወደቁም። ገዳዩ ነው ካሮቱ ጋ ወስዶ ያንበረከካቸው። ለምን እዚያ? ከፍ ያለ መደብ ላይ ሰው ወድቆ ግንባሩን አይፈነክትም። ዝቅ ያለው የካሮቱ መደብ ብቻ ነው። ከዚያ መኮትኮቻውን አስያዘ፣ አረም የነቀለ እንዲመስልም ትንሽ ነቃቀለ። የነቀለው ግን ካሮት ነው።»

«እኔ እለያለሁ» አሉ ባለቤቱ ቀስ ብለው።

«ይለያሉ። የዘሩት እርስዎ ነዎት። ባለቤትዎ እዚያ መደብ ጋ እንደማይደርሱም ያውቃሉ። የራስዎን ካሮት ነቅለው፣ ባልዎን በራስዎ መደብ ላይ አይደፉም።»

«እኔ አልለይም» አሉ ሲስተር። «ስለዚህ እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ካሮት አይለዩም። ግን ማጎንበስ የከለከሉት እርስዎ ነዎት። ራት በልቶ ሲኮተኩት ሞተ የሚል ድራማ መቼም አይሠሩም። ገዳዩ ሁለቱንም የማያውቅ ሰው ነው። ካሮትን ከአረም አይለይም፤ ጋሽ ምሰሶ እንደማያጎነብሱም አያውቅም።»

ወንድሙ ሳቀ፤ ሳቁ መሀል ላይ ተቋረጠ። «ካሮት አለማወቅ ወንጀል ነው?»

«አይደለም። የያዘህ ያላየኸውን አየሁ ማለትህ ነው። ራት በልቶ፣ ከወገቡ ታጥፎ፣ እጁን ሲያወዛውዝልኝ አየሁት አልክ።»

«አንድ ቀን ቢያጎነብስስ? ሰው አይደለም?»

መርማሪዋ ደረቷን በመዳፏ ተጫነችው። «እኔም ቃር አለብኝ። አሁን ካሮቱ ጋ ጎንበስ ብዬ አፌ ድረስ ተቃጥያለሁ። ወንድምህ ለዚህ ብሎ አልጋውን ትቷል። ለዚህ ብሎ ጓሮውን በጡብ አንስቷል። የዘራውን ቲማቲም ጎረቤት ሲበላው ቆሞ አይቷል። በልቶ አያጎነብስም። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት አንተ ስትተኛ፣ እነዚህ ሁሉ ይህን አይተዋል። አንተ ያጎነበሰ ወንድም አላየህም። ያጎነበሰ ሬሳ ነው ያየኸው፤ ያስጎነበስከውም አንተ ነህ።»

ወንድሙ መሬት መሬቱን አየ።

«አንድ ክፍል ነው የጠየቅኩት» አለ በመጨረሻ። «ማታ እየተንጎራደደ ነበር፤ ጡብ ይዞ። ሌላ መደብ ልጨምር ነው አለኝ። ለሰላጣ ጡብ አለው፤ ለኔ የለውም። ነጠቅኩት። የመጀመሪያውን ሳላስበው መታሁት። ሁለተኛውን ለምን እንደመታሁት አላውቅም።» ቀና ብሎ የወንድሙን ሚስት ለማየት ሞከረ። «እትዬ...»

«አትጥራኝ» አሉ።

ፖሊሱ እጁን ይዞ አስነሳው። መርማሪዋ ለአለቃዋ ደወለች።

«ሴትየዋን አላመጣም። ወንድሙን ነው የማመጣው። አምኗል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ደክሞኛል እንጂ አልተሳሳትኩም» ብላ ዘጋች።

ልትወጣ ስትል ባለቤቱ ክንዷን ያዟት።

«ልጄ፣ ቀብሩ ነገ ነው። እንዲመጣ ይፈቅዱለታል?»

«ማን?»

«እሱ ነዋ። ታስሮም ቢሆን። ሬሳውን የሚከተል ሌላ ወንድም የለውም።»

ሲስተር «አብደሻል እንዴ!» ብለው ጮኹ። ባለቤቱ አልሰሟቸውም፤ መልስ ነው የሚጠብቁት።

መርማሪዋ እንቢ የሚል ቃል ፈለገች፤ ለሥራው ብዙ ጊዜ ብላዋለች። አፏ ላይ አልመጣላትም።

«እጠይቃለሁ» አለች፤ እውነትም ልትጠይቅ ሄደች።