የአኮ እሁድ

«ተዘግቷል አልኩዎት እኮ፣ አኮ። ቤተክርስቲያኑ ተዘግቷል።»

ድርቤ ይህን ስትናገር ዓይኗን ከሒሳብ ደብተሯ አላነሳችም። በማግስቱ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና አለባት። ሴት አያቷ አኮ ግን ነጠላቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ቆመዋል። ቀኑ ማክሰኞ ነው፤ ለአኮ ግን ሁሉም ቀን እሁድ ከሆነ ከርሟል።

«ማን ዘጋው?»

«ቀበሌ። አምና ነው የተዘጋው።»

«ለምን?»

መልሱን ድርቤም በቅጡ አታውቀውም። አኮ መርዶ እንደሰማ ሰው ደረታቸውን ይዘው ቁጭ አሉና አለቀሱ። እንባቸው ሳይደርቅ ደግሞ ተነሡ።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ተነሺ እንጂ። ረፈደብን እኮ።»

«ኧረ በፈጠረዎት፣ ላጥናበት!» ድምጿ ራሷን አስደነገጣት። እናቷ ወደ ገበያ ስትወጣ «እውነቱን ንገሪያት፣ ይገባታል» ብላ ነበር። የት ይገባቸዋል?

ንዴቷ እስኪበርድላት ከጓሮው ጉድጓድ ውሃ ቀድታ ስትመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አኮ የሉም። ድርቤ ቤተክርስቲያኑ ወዳለበት ወደ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ቁልቁል ሮጠች።

ቀበሌው የእህል መጋዘን ያደረገው የወንጌላውያን ቤተክርስቲያን ደጃፍ ላይ አገኘቻቸው። የተቆለፈውን በር ተደግፈው በኦሮምኛ ይዘምራሉ። የልጅ ልጃቸውን ስም የሚረሱት ሴትዮ ከመዝሙሩ አንዲት ቃል አልሳቱም። ጠመንጃ ያነገተው የአብዮት ጥበቃው መገርሳ መንገዱን ግራና ቀኝ ይቃኛል።

«ባክሽ ድርቤ፣ ውሰጃቸው» አላት በሹክሹክታ። «የቀበሌው ሊቀመንበር ሊመጣ ነው። እሱ ከሰማ የሰፈር ልጅነቴ ለማንም አይጠቅምም።»

«አኮ፣ ተዘግ...»

አያቷ ዞር አሉ። ፊታቸው በርቷል። ድርቤ ቃሉን ዋጠችው።

«አልቋል፣ አኮ። አምልኮው አልቆ ሰዉ ሁሉ ወጥቷል። የቀረነው እኛ ብቻ ነን።»

«አልቋል እንዴ?» አኮ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንግዲያው እንሂዳ።» ክንዷን ያዙ። አላለቀሱም።

ጥቂት እንደሄዱ ቆም አሉ። «ስብከቱ ስለ ምን ነበር? በደንብ አልሰማሁትም።»

ድርቤ በረጅሙ ተነፈሰች። «ስለ ዮናስ።»

«ዮናስ ያለፈው እሁድ ነበር እኮ።»

ጥርሷን ነከሰች። ይህ ነገር እስከ ቤት፣ ነገም፣ ከነገ ወዲያም እንደሚቀጥል ገባት። ከዚያ እርምጃዋን ከአያቷ እርምጃ ጋር አስተካከለች።

«ልክ ነዎት። ዛሬ ስለ ኖኅ ነበር» አለችና ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀመረችላቸው።