እማማ ኦፓል ካሉ

«እማ!» አለች ታቢታ ቦርሳዋን በሩ ሥር ጥላ። መልስ የለም።

ምድጃው ላይ የባቄላው ድስት ይንተከተካል። ቴሌቪዥኑ ለራሱ ያወራል። የእናቷ ነጠላ ጫማ ሶፋው ሥር ነው፤ የአባቷ ፒካፕም ደጅ ላይ ቆሟል። የስድስት ዓመቱ ወንድሟ የኬሌብ ጩኸት እንኳ አይሰማም። እናቷ ጋ ስትደውል ስልኩ ኩሽና ውስጥ ጮኸ።

በቃ፣ ንጥቀት ሆኗል። ጌታ መጥቶ የራሱን ሰዎች ወስዷል፤ እሷን ትቷታል። ለምን እንደተዋትም ወዲያው ገባት፤ ትናንት የሒሳብ ውጤቷን ዋሽታለች። ሌላ ልጅ ቢሆን ቤተሰቦቼ ጎረቤት ሄደዋል ብሎ ባቄላውን ያማስል ነበር። በእነ ታቢታ ቤተ ክርስቲያን ግን ልጅ አፉን ሳይፈታ የሚሰማው ይህንኑ ነው። ይባስ ብሎ፣ በመጪው እሁድ ይህንን ለትንንሾቹ እንድታስተምር የተመረጠችው እሷ ነበረች።

ድንገት አንድ ሐሳብ መጣላት። በዚያች የአርካንሳስ ከተማ አንድ ሰው ብቻ ይወሰዳል ቢባል፣ ጸሎተኛዋ አዛውንት እማማ ኦፓል ናቸው። እሳቸው ስልክ ካነሱ ማንም አልሄደም።

«ሃሎ?» አሉ እማማ ኦፓል።

ታቢታ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። «እ... እንዲያው ሰላም ልበልዎት ብዬ ነው።»

«ታቢታ ነሽ? አለሁ ልጄ፣ አልተወሰድኩም።» ሳቁ። «የዚህ ከተማ ልጅ ሁሉ ቤቱ ባዶ ሲሆንበት የሚደውለው እኔ ጋ ነው። አንዳንዱማ ሃሎ ስል ጆሮዬ ላይ ይዘጋዋል።»

ታቢታ አፈረች፤ መዝጋት ግን አልፈለገችም። «እማማ ኦፓል፣ እርስዎ እግዚአብሔርን ይፈሩታል?»

«ፍሩ ብለው አሳደጉን፤ ፈራን። አየሽ፣ አባቴ ኃይለኛ ነበር። የጫማው ኮቴ በረንዳው ላይ ሲሰማ አልጋ ሥር እንገባ ነበር። በኋላ ሃርላንን አገባሁ። የሱ መኪና ሲሰማኝ ደግሞ ሮጬ በር እከፍት ነበር። ጌታ ሲመጣ የትኛውን እንደማደርግ ግን በዚህ ዕድሜዬም እጠይቃለሁ።»

«መጠየቅ ኃጢአት አይደለም?»

«ከሆነማ እኔ ተበልቻለሁ በያ!»

ስልኩን እንደዘጋች ቤተሰቦቿ ጭቃ በጭቃ ሆነው በጓሮ በር ገቡ። የጎረቤት ላም አጥር ጥሳ አስፋልት ላይ ወጥታ ኖሮ፣ ቦት ጫማቸውን አጥልቀው እሷን ሲመልሱ ነው የቆዩት። «ይሄን ባቄላ ዝም ብለሽ ታዪዋለሽ?» ብላ እናቷ ወደ ምድጃው ሮጠች።

ከራት በኋላ አባቷ ኮቱን፣ ሱሪውንና ጫማውን ይዞላት መጣ። የእሁዱ ትምህርት የታወቀ ነው። ልጆቹ ሲገቡ አስተማሪ የለም፤ ወንበሩ ላይ ሰው የሌለበት ልብስ ተቀምጧል፤ ጫማው ከሥሩ ተደርድሯል። ልጆቹ በደንብ ከደነገጡ በኋላ አስተማሪዋ ከመጋረጃ ጀርባ ወጥታ «ዛሬ ቢሆንስ?» ትላለች። ታቢታም ያንን ወንበር በኬሌብ ዕድሜ አይታዋለች። ከዚያ ወዲህ እናቷ ሻወር ቤት ከቆየች ሄዳ በሩን ታንኳኳለች።

«ጫማውን እንኳ ቀለም ቀብቼልሻለሁ» አለ አባቷ ኮራ ብሎ። ኬሌብ ኮቱን አጥልቆ እጅጌው ውስጥ ጠፍቷል። «ለምንድነው? ምን ሊደረግ ነው?» ይላል።

ታቢታ ወንድሟን አየችው። ሌሊት እየባነነ፣ እነሱ የተኙበት እየመጣ አለመሄዳቸውን ሲያረጋግጥ ታያት።

«አባዬ፣ ልብሱን አልወስድም።»

«ለምን? እኔም በልጅነቴ አይቼዋለሁ። ምን ሆንኩ?»

«ዛሬ ስገባ የላችሁም። እማማ ኦፓል ጋ ደወልኩ።»

አባቷ ለምን እንደደወለች አልጠየቃትም። ጫማውን እንደያዘ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ስልኩን አነሱ?» አለ ቀስ ብሎ።

«አነሱ።»

ጫማውን ወለሉ ላይ አስቀምጦ «ታዲያ እሁድ ምን ልትነግሪያቸው ነው?» አላት።

«እስካሁን አላወቅኩም። መጀመሪያ ግን እግዚአብሔር በበሩ ቢገባ ምን እንደሚያደርጉ እጠይቃቸዋለሁ። የሚሉትን መስማት እፈልጋለሁ።»

«እኔን አሁን ጠይቂኝ!» አለ ኬሌብ።

ታቢታ ኮቱን አወለቀችለትና ፊት ለፊቱ ቁጭ አለች።