ትርፍ ጨርቅ

ሰው በብዙ መንገድ ይተዋወቃል። እነዚህን ሁለቱን ያስተዋወቃቸው ግን የተቀደደ ሱሪ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ያን ዕለት ጠዋት የመጋረጃ ጠርዝ እየቀመቀመች ነበር። በሩ ተከፈተና አንድ ግዙፍ ሰው ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ በጎኑ እየተራመደ ገባ። ጃኬቱን ወገቡ ላይ አስሯል። ፊቱ በርበሬ መስሏል።

«እህቴ፣ አስቸኳይ ሥራ ይቀበላሉ?»

«ምንድን ነው?»

«ሱሪ።»

«የታለ?»

«ለብሼዋለሁ።»

ከንፈሯን ነክሳ ወደ መለኪያው መጋረጃ አመለከተችው። ሱሪው በመጋረጃው ሥር ወጣ። ከኋላ፣ ከወገቡ ጀምሮ እስከ ታች ተተርትሯል።

«ጨርቁ ስስ ነው መሰለኝ» አለ ሰውየው ከውስጥ።

«ጨርቁስ ደህና ነበር» አለችና ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ለደንበኛ እንዲህ አይባልም። ሰውየው መጋረጃውን የሚያነቃንቅ ሳቅ ሳቀ፤ እሷም አላስቻላትም።

ከመንገዱ ማዶ ካለው የአውቶቡስ ግቢ የመጣ የተማሪዎች ሾፌር ነበር። ትንንሾቹ ልጆች ጠዋት እንቅልፋቸውን ሳይጨርሱ ስለሚመጡ፣ አውቶቡሱ እስኪሞላ ሆዱ ላይ ደገፍ ብለው ያንቀላፋሉ። ስለዚህ ስሙን ትራስ ብለውታል።

«እኔን ደግሞ ሰፈሩ መርፌ ይለኛል» አለች ሱሪውን እያቀበለችው።

ሰውየው ከመጋረጃው ወጥቶ አያት። ወንበሯን ሞልታ የተቀመጠች፣ ደልደል ያለች ሴት ናት።

«በልጅነቴ ቀጭን ነበርኩ» አለች። «ሰውነቴ ሲቀየር ስሙን የሚቀይርልኝ አጣሁ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ የትራስ ሸሚዝ ቁልፎች ይበጠሱ ጀመር። አንዱ ሲተከል ሌላው ይወልቃል። ክር በጥርስ ሲበጠስና ራሱ ሲበጠስ አንድ አይደለም፤ የልብስ ሰፊ ዓይን ይህን አያጣውም። እሷም ብትሆን ቁልፎቹን አጥብቃ አልተከለቻቸውም። አንቱታውም መቼ እንደቀረ ሁለቱም አላስተዋሉም።

አንድ ቀን ግን የተበጠሰ ቁልፍ ሳይዝ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል።

«ሐኪም ቤት ነበርኩ» አለ። «ተኝቼ ሳለሁ ትንፋሼ ይቆማል አሉኝ። ለዚህ ነው ቀን ቀን የሚያንቀላፋኝ። የትምህርቱ ወቅት ሲያልቅ እንደገና እመዘናለሁ። ያኔ ካልቀነስኩ ልጆች መጫን የለም።»

«እየነዳህ አንቀላፍተህ ታውቃለህ?»

ጣቶቹን አየ። «ቀይ መብራት ላይ ቆሜ። አንዲት ሕፃን ትከሻዬን ነካ አድርጋ ‹ትራስ፣ አረንጓዴ ሆነ› አለችኝ። ለማንም አልተናገረችም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ይዞኝ በሄደ ቁጥር የእሷ ድምፅ ይሰማኛል።»

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አስቀመጠች። እናቷን የወሰዳት የስኳር በሽታ ነው። እሷም ከሱቁ በላይ ወዳለው ክፍሏ ስትወጣ ደረጃው መሐል ላይ እየቆመች፣ የሚያያት ሰው ካለ የበር ቁልፍ የምትፈልግ መስላ ቦርሳዋን ትበረብራለች። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም። ያን ቀን ለእሱ ነገረችው።

«እኔ ለራሴ ምሳ ስቋጥር እጄ አይታዘዘኝም» አለችው። «ለሰው ስቋጥር ግን አስባለሁ። ለምን አንለዋወጥም? እኔ ያንተን፣ አንተ የእኔን።»

እንዲህ ተጀመረ። በምሳ ሰዓት ልብስ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ምሳ ዕቃቸውን ይለዋወጣሉ። በመጀመሪያው ቀን እሱ ያመጣላትን ስትከፍት ተቀቅሎ ያልበሰለ ካሮት አየች፤ አቆራረጡ አንድ ፍሬን ለሁለት ነው።

«ይሄ ለማገዶ ነው?»

«በይ፣ ብዪው! ለጤናሽ ብዬ ነው እንጂ እኔስ በካሮት ምን አገባኝ!»

ቀስ በቀስ እጁ ተገራ። ምስሩን ያለ ብዙ ዘይት መሥራት፣ ጎመኑን አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ ማውረድ ተማረ። እሷም ለእሱ ብርቱካን ስትልጥ ነጩን ክር ሁሉ አንድ በአንድ ታነሳለች፤ ለራሷ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ሲበሉ ብዙ አያወሩም። አንዳንዴ ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ይገጣጠማሉ፤ ያኔ ሁለቱም ወደ ሳህናቸው ይመለሳሉ። ከበሉ በኋላ በአውቶቡስ ግቢው አጥር ዙሪያ ይራመዳሉ። እሷ ስትደክም እሱ የጫማውን ክር ለማሰር ይጎነበሳል። ጫማው ግን ክር የለውም። ወደደችው። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ሚዛን ላይ አንወጣም ተባብለዋል፤ ቁጥሩ እሱን ያስፈራዋል። ቀበቶም ሆዴን ይቆርጠኛል ብሎ ከተወው ቆይቷል። ምስክራቸው የሱሪው ወገብ ብቻ ነበር። ሱሪው ደግሞ ምንም አልተናገረም።

አንድ ቀን ምሳ ዕቃውን ሳይከፍት መልሶ ገፋው።

«ተዪኝ በቃ። ተፈጥሮዬ ነው። ጎመን ስበላ የከረምኩት በከንቱ ነው። አውቶቡሱን ለሌላ ሰው ይስጡት።»

ይህን የሚያህል ሰው እንደ ሕፃን ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ ማየት አንጀቷን በላው። ኪሱ ተቀዶ ያመጣው የሥራ ሱሪው ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ደህና ሰፊ ሱሪ ሲሰፋ ከኋላ፣ ወገቡ ስፌት ውስጥ፣ ትርፍ ጨርቅ አጥፎ ይተዋል፤ ሰው ይወፍራል ተብሎ። እሱ ከሄደ በኋላ ስፌቱን ፈታች። አንድ ጣት የምታህል ብቻ ለቀቀች። መልሳ ሰፋች፣ ተኮሰች። ምንም አይታወቅም።

በማግስቱ ከደጅ ጀምሮ እየጮኸ መጣ።

«መርፌ! እዪልኝ! ሲያንቀኝ የነበረው ሱሪ!» እጁን በወገቡ አስገብቶ አሳያት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል!»

ያኔ መናገር ነበረባት። ግን ደስታው አፏን ዘጋው። ከሰነበተ በኋላ ሱሪው እግሩ ሥር ሲተረተር መልሶ አመጣው፤ መልሳ ለቀቀች።

ውሸቷ ማደሪያ ካገኘ በኋላ ዘመድ መጥራት ጀመረ። ትራስ «ለዛሬ ብቻ፣ ይገባኛል» እያለ ከማዕዘኑ ኬክ ቤት ብቅ ማለት አመጣ። ማታ እናቱ «ከሳህብኝ እኮ» ሲሉት ሁለተኛ ሳህን አይመልስም። መርፌ ኬኩን እጁ ላይ ስታየው ልትቆጣ አፏን ትከፍትና ትተወዋለች። ምን ልትል? የሰፋው ሱሪህ ነው፣ አንተ አልቀነስክም?

የምርመራው ቀን ጠጉሩን አበጥሮ፣ እየሳቀ፣ «ስመለስ የምነግርሽ ነገር አለ» ብሏት ሄደ። አልተመለሰም።

በማግስቱ መጣ። ሱሪውን ገልብጦ ክንዱ ላይ ይዞታል። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ከኋላ፣ በደበዘዘው ጨርቅ መሐል፣ ፀሐይና ሳሙና ያልነካው ጥቁር ሰንበር ይታያል። አጠገቡ የድሮው ስፌት የመርፌ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል።

«እናቴ ስትተኩስ አየችው» አለ። «የማን እጅ ነው?»

«የእኔ።»

«ሚዛኑ ላይ እየሳቅሁ ወጣሁ እኮ። ሐኪሙ ጨምረሃል ሲለኝ ሚዛንህ ተበላሽቷል ብዬ ተከራከርኩት። ወገቤን ሳብ አድርጌ አሳየሁት! እንደዚህ!»

«ስታዝን ማየት አቃተኝ» አለች። እንባዋ ቀደማት። «ጎዳሁህ። ለማስደሰት ብዬ ጎዳሁህ።»

«ለእኔ ብቻ ቢሆን ምን ችግር ነበረው» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። «ከኋላዬ ልጆች ተቀምጠዋል፣ መርፌ። ቀንሻለሁ ብዬ፣ ድኛለሁ ብዬ እኮ ነው ስነዳቸው የከረምኩት።»

ሱሪውን እዚያው ትቶ ወጣ።

በማግስቱ ሳታስበው የእሱን ምሳ ቋጠረች። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። ማንም አልመጣም። የመጡት እናቱ ነበሩ። ደረታቸው ሰፊ፣ እርምጃቸው ከባድ የሆነ ሴትዮ ናቸው፤ የመርፌን ምሳ ዕቃ አጥበው ይዘዋል።

«ልትሰድበኝ መጣች ብለሽ አትፍሪ፣ ልጄ» አሉ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ። «አንቺ ቀን በሱሪው፣ እኔ ማታ በሳህኑ። ልጄን በፍቅር ልንገድለው ነበር። አውቶቡሱን ወስደውበታል። አሁን ግቢ ውስጥ መኪና ያጥባል። ጎመኑን ግን አልተወም፤ ራሱ ይሠራል፣ ብቻውን ይበላል። ምን እንደጎደለው እናት ታውቃለች።»

«ምን ላድርግ፣ እማማ?»

«ያሰፋሽውን አጥብቢ» አሉና ተነሡ።

ያን ከሰዓት ስፌቱን ፈትታ፣ የድሮዎቹን ቀዳዳዎች ተከትላ፣ ሱሪውን ወደ ልኩ መለሰችው። ከዚያ ይዛው መንገዱን ተሻገረች። ትራስ እጅጌውን ሰብስቦ የአውቶቡስ ጎማ ላይ ውኃ እያፈሰሰ ነበር። ሲያያት ቧንቧውን ዘጋ።

«መልሼዋለሁ» አለች ሱሪውን እየሰጠችው። «አይገባህም።»

«ምን?»

«አይገባህም። ሱሪው ቢገባህ ደስ ይለኝ ነበር። ግን አይገባህም።»

ፊቱ ላይ ፈገግታ ሊመጣ ሲል ያዘው። እሷ ግን አልጨረሰችም። ከአንገቷ ላይ ሜትሯን አውልቃ ዘረጋችለት።

«ይሄ ሰፈር በሙሉ በእጄ ተለክቷል» አለች። «እኔን ግን ማንም ለክቶኝ አያውቅም። ቀሚሴን እንኳን በግምት ነው የምሰፋው፤ ቁጥሩን ማየት ስለማልፈልግ። አንተን ያታለለህ ይሄው የእኔ ፍርሃት ነው። ለካኝ።»

እርጥብ እጁን በለበሰው ሱሪ ጠረገ። ጠጋ ብሎ ሜትሩን በወገቧ አዞረ። ሜትሩ ሁለት ጊዜ አመለጠው። ትንፋሹን አንገቷ ላይ ሰማችው። ከዚያ ቁጥሩን ጮክ ብሎ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ አነበበ።

ዓይኗን ጨፍና ሰማችው። ስትገልጠው እዚያው ነበር፤ ያው ሰውዬ፣ በዚያው በድሮው ዓይን እያያት።

«ነገ ምሳ ምንድን ነው?» አለ።

«ካሮት» አለች እያለቀሰች። «የአንተ አቆራረጥ ከሆነ ግን አልበላም።»

ሱሪውን ሱቁ ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቀሉት። እናቱም ማታ አንድ ሳህን ብቻ ማቅረብ ለመዱ፤ እንዲያውም ራሳቸው በአጥሩ ዙሪያ መራመድ ጀምረው፣ ሁለቱን ወጣቶች «ቀደም በሉ፣ እኔ አላይም» ይሏቸው ነበር። ክረምቱ መጥቶ ሄደ። አንዳንድ ሳምንት ምንም አይቀንስም፤ ያኔ መርፌ ሜትሩን አንብባ «ምንም የለም» ትለዋለች፣ እሱም ያዝናል፣ አብረው ያዝናሉ፣ አብረው ይራመዳሉ። እሷም አንድ ቀን ደረጃውን ሳታርፍ ጨርሳ፣ በሯ ላይ ቆማ የምታሳየው ሰው አጥታ፣ መልሳ ወርዳ ነገረችው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ሱሪው አንድ ጠዋት ወገቡ ላይ ተዘጋ። ትራስ ከመጋረጃው ወጥቶ አላመነም፤ ወገቡን ገልብጦ ስፌቱን መረመረ።

«አልነካሁትም!» አለች።

«ልማድ ነዋ» አለና ሳቀ።

ሐኪሙ የፈረመለት ዕለት አውቶቡሱን ሱቁ ደጃፍ አቁሞ ገባ። ልጆቹ በመስኮት ተደርድረው ያያሉ።

«ያኔ ልነግርሽ የነበረውን አሁን ልንገርሽ» አለ። «ሙሉ ልብስ ስፊልኝ። የሙሽራ። ያንቺን ቀሚስ ደግሞ እኔ እለካለሁ።»

መርፌ ሜትሯን ከአንገቷ ማውረድ አቃታት። ከውጭ ልጆቹ «ትራስ፣ ምን አለች?» እያሉ ይጮኻሉ። ጭንቅላቷን ብቻ በእሺታ ነቀነቀች፤ ለእሱ በቃው።

«አንድ ነገር ግን» አለ ወደ በሩ እየሄደ። «ከኋላ ትርፍ ጨርቅ ተዪበት።»

«ለምን? ልትወፍር አስበሃል?»

«አብረን ልናረጅ ነው እኮ። ሰው መቼ በአንድ ልክ ይኖራል?» መለስ ብሎ አያት። «ስታሰፊው ብቻ ንገሪኝ።»